ስብ የያዘ ጉበት በቡናው አገር፦ አኗኗር፣ ክብደትና የጨጓራ ቀዶ ሕክምና

ጤነኛ ጉበት ውስጥ ያለው ስብ እጅግ ጥቂት ነው። ከመቶ የጉበት ሴሎች አምስቱ ወይም ከዚያ በላይ በስብ ጠብታ ሲሞሉ ጉበቱ ስብ ይዟል ይባላል፤ በየሆስፒታሉ «ፋቲ ሊቨር» እየተባለ የሚጠራው ይኸው ነው። ዛሬ በዓለም ካሉ አዋቂዎች ከሩብ በላይ የሚሆኑት ይህ ስብ አለባቸው፤ አብዛኞቹም አያውቁትም። ጉበት ለዓመታት ሳያምም፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊጎዳ ይችላል። ከእነዚህ ሰዎች በከፊሉ ላይ ስቡ ጉበቱን ያስቆጣዋል፤ ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ይሞታሉ፣ በሞቱት ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው እየሰፋ ሲሄድ ጉበቱ ይጠጥራል፣ ይኮማተራል፤ ይህ ሲሮሲስ ነው። ከዚያ በኋላ ሆድ ውኃ መቋጠር፣ ደም ማስታወክና የጉበት ካንሰር ሊከተሉ ይችላሉ። ነገሩ ግን በአንድ ጀምበር የሚመጣ አይደለም። ጉበቱ በተቆጣ ሰው ላይ ጠባሳው አንድ ደረጃ ለመጨመር በአማካይ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ስቡ ብቻ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ዐሥራ አራት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

በሽታው በሕክምናው ዓለም ራሱን ችሎ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቻቸው፣ አልኮል የማይጠጡ ሆነው ጉበታቸው ግን በአጉሊ መነጽር ሲታይ የጠጪ ጉበት የሚመስል ታካሚዎችን ገለጹ። ለአርባ ዓመታት ያህል በሽታው «ከአልኮል ጋር ያልተያያዘ» እየተባለ፣ ባልሆነው ነገር ሲጠራ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፍ የጉበት ማኅበራት ከሰውነት የምግብ አጠቃቀም መዛባት ጋር የሚያያዝ መጠሪያ ሰጡት። በዚህ አመዳደብ ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው ከቦርጭ ወይም ከልክ ያለፈ ክብደት፣ ከስኳር መጨመር፣ ከደም ግፊት፣ ወይም ከደም ቅባት መዛባት ቢያንስ አንዱ ሊገኝበት ይገባል።

ብዙ ሰው ጉበት ላይ ያለው ስብ በቀጥታ ከወጥ ቅቤ የመጣ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የምርምር ሥራ የጉበቱን ስብ ምንጭ ሲከታተል፣ 59 በመቶ ያህሉ በሰውነት ከተከማቸ ስብ በደም በኩል የመጣ፣ 26 በመቶው ጉበቱ ራሱ ከስኳርና ከስታርች የሠራው፣ ቀሪው 15 በመቶ ብቻ ደግሞ ከተበላ ቅባት የመጣ ሆኖ አገኘው። የመጀመሪያው ምንጭ ቦርጭ ነው። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተጠራቀመ ስብ የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ሲያቅተው ቀን ከሌት እየቀለጠ ወደ ጉበት ይፈስሳል። ሁለተኛው ምንጭ ጣፋጭ ነገር ነው፤ በተለይ ፍሩክቶስ የተባለው የስኳር ዓይነት በአብዛኛው ተጣርቶ የሚቀረው ጉበት ውስጥ ነው። ቅቤን እርግፍ አድርጎ ትቶ ለስላሳ መጠጥ የሚያዘወትር ሰው እንግዲህ ትንሹን በር ዘግቶ ትልቁን ክፍት ትቷል።

ሚዛን ተፈሪና አማን፣ ቴፒ፣ ቦንጋና በዙሪያቸው ያለው የቡና አገር ስለዚህ በሽታ ሲነገርለት ጉዳዩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ ሲሆኑ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 8 በመቶ ነበሩ። በጫካ ቡና ውስጥ ሲመነጥር የሚውል፣ እሸት ቡና በጆንያ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ገበሬ ዛሬም ጭንቀቱ የምግብ ማነስ እንጂ መትረፍረፍ አይደለም። ከተማው ግን ሌላ ሆኗል። ነጋዴው ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጦ ይውላል፤ ሠራተኛው ለአጭር መንገድ ባጃጅ ይይዛል፤ በየሱቁ ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት፣ ስኳር፣ ብስኩትና ለስላሳ ሞልቷል። የቡና ሽያጭ ገንዘብ በሚገባባቸው ወራት ደግሞ ቢራና ሥጋ ይበዛል። ከሚዛን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው ጅማ፣ በዩኒቨርሲቲው የሕክምና ማዕከል ክትትል ያላቸው የዓይነት ሁለት ስኳር ታካሚዎች በአልትራሳውንድ ሲታዩ አብዛኞቹ ጉበታቸው ስብ ይዞ ተገኝቷል። የስኳር ክትትል ክፍል ባለበት ሁሉ ይህ በሽታም አብሮ አለ ብሎ መነሣት ይቻላል።

በዚህ አገር ግን ስብ ከመባሉ በፊት ሌሎች ነገሮች መጣራት አለባቸው። በኢትዮጵያ ጉበትን በማበላሸት ቀዳሚው ሄፓታይተስ ቢ የተባለው ቫይረስ ነው፤ በአልትራሳውንድ ስብ መታየቱ ቫይረሱ የለም ማለት አይደለም፣ ሁለቱ አንድ ጉበት ላይ ሊገናኙም ይችላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጠጅና አረቄ ነው። ሰው ምን ያህል ይጠጣል ሲባል «ለጨዋታ ያህል» ብሎ ስለሚያልፈው፣ በብርሌና በመለኪያ ቆጥሮ መጠየቅ ይሻላል። ጫትም ከጥርጣሬ ውጭ አይደለም፤ በሐረር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ከዚህ ሌላ «የወፍ በሽታ» ነው ተብሎ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት አለ። ይዘቱና መጠኑ የማይታወቅ ቅጠል ቀድሞ የተጎዳን ጉበት ይበልጥ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ታካሚው ምን እንደጠጣ ሳይፈራ የሚናገርበት ሁኔታ መኖር አለበት።

አልትራሳውንድ ስቡን የሚያየው በዛ ሲል ነው፤ ጥቂቱን ይስተዋል፣ ጠባሳውን ደግሞ ሲሮሲስ እስኪሆን ድረስ በቅጡ አይለይም። ከስቡ ይልቅ የታካሚውን ዕድሜ የሚወስነው ግን ጠባሳው ነው። ለዚህ የሚረዳና ማንኛውም የደም ላቦራቶሪ ባለበት ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል ርካሽ ስሌት አለ፤ ፊብ-4 ይባላል። የታካሚው ዕድሜ ኤኤስቲ በተባለው የጉበት ምርመራ ውጤት ይባዛል፤ የተገኘው፣ የፕሌትሌት ቁጥር (በሺህ) ኤኤልቲ በተባለው ሌላ የጉበት ምርመራ ውጤት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለሚገኘው ይካፈላል። ለምሳሌ ዕድሜው 48፣ ኤኤስቲው 46፣ ኤኤልቲው 52፣ ፕሌትሌቱ 190 ሺህ የሆነ ሰው ውጤቱ 1.6 ገደማ ይመጣል። ከ1.3 በታች ከሆነ የከፋ ጠባሳ የመኖሩ ዕድል አነስተኛ ነው፤ ከ2.67 በላይ ከሆነ ወደ ጉበት ስፔሻሊስት መላክ ያስፈልጋል፤ በመካከል ያለው፣ እንደዚህ ምሳሌ ሰውዬ፣ የጉበቱን ጥጥርነት በሚለካ መሣሪያ መታየት ይኖርበታል። ስሌቱ ከ35 ዓመት በታች ላሉ አያስተማምንም፤ ከ65 በላይ ለሆኑት ደግሞ የታችኛው መስፈርት ወደ 2 ከፍ ይላል። ይህን ሒሳብ ለመሥራት ስልክ ላይ ያለ ካልኩሌተር ይበቃል። አራቱ ቁጥሮች በታካሚው ካርድ ላይ ተጽፈው እያሉ ሳይሰላ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው።

ሕክምናው በአንድ ነገር ላይ ይቆማል፤ እሱም ክብደት መቀነስና ቀንሶ መቆየት ነው። ይህን በግልጽ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ከኩባ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው በዚህ ጥናት 293 ታካሚዎች ለ52 ሳምንታት ምግባቸውንና እንቅስቃሴያቸውን እንዲያስተካክሉ ተደረገ፤ ጉበታቸውም በፊትና በኋላ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ በሚደረግ ምርመራ (ባዮፕሲ) ታየ። ከሰውነታቸው ክብደት አንድ ዐሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሱት 90 በመቶ ያህሉ የጉበታቸው ቁጣ ጠፋ፤ ከእነሱም 45 በመቶው ጠባሳቸው ሳይቀር ወደ ኋላ ተመለሰ። አምስት በመቶ መቀነስ ስቡን ይቀንሳል፣ ከሰባት እስከ ዐሥር በመቶው ቁጣውን ያበርዳል፣ ከዐሥር በላይ ሲሆን ጠባሳው ራሱ መሳሳት ይጀምራል። 85 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ግቡ እንግዲህ ስምንት ኪሎ ተኩል ነው። የጥናቱ ሌላ ገጽ ግን ሊደበቅ አይገባም፤ ዓመቱን ሙሉ እየተመከሩ እዚያ የደረሱት ከዐሥር ሰው አንዱ ብቻ ነበሩ። የቀዶ ሕክምናው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ወደዚያ ከመሄድ በፊት የአገሩ ገበታ ምን እንደሚፈቅድ ማየት ተገቢ ነው። ቆጮ፣ ጎደሬ፣ በቆሎና ሙዝ ገበሬውን ሲያኖሩ የቆዩ ምግቦች ናቸው፤ ለጉበት ጠላት የሚሆኑት ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው የገበሬውን ያህል ሲበላቸው ነው። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል፣ አይብና ጎመን በሳህኑ ላይ ቦታ ሲያገኙ የስታርቹ ድርሻ በራሱ ይቀንሳል። ስለ ዘይቱ በስዊድን ኡፕሳላ የተደረገ ሙከራ አለ። 39 ቀጫጭን ወጣቶች ለሰባት ሳምንት፣ ግማሾቹ በፓልም ዘይት፣ ግማሾቹ በሱፍ ዘይት የተጋገረ ኬክ ከምግባቸው በላይ እንዲጨምሩ ተደረገ። ሁለቱም ወገን እኩል ወፈረ፤ የጉበት ስብ በብዙ የጨመረው ግን በፓልም ዘይት በበላው ላይ ነበር። የረጋ ዘይት በርካሽ የሚገዛ ቤተሰብ መጠኑን ቢቀንስ ዘይቱን መቀየር ባይችል እንኳ ይጠቀማል።

የሸካና የከፋ ማር በመልካምነቱ የታወቀ ነው፤ ለጉበት ሲሆን ግን ማርም ስኳር ነው፣ ከክብደቱም ከሲሶ በላይ የሚሆነው ያው ፍሩክቶስ ነው። «ማር መድኃኒት ነው» ተብሎ ጠዋት ጠዋት በማንኪያ የሚወሰድበት ቤት ከልማዱ ጋር መከራከር ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ጉበቱ ስብ ለያዘና ስኳር ላለበት ሰው መነገር ያለበት ነው። ጾምም በሁለት መልኩ ይታያል። የምግብ ሰዓትን ስለሚያሳጥርና ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚከለክል ሊያግዝ ይችላል፤ ማታ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ጣፋጭ ሲከተለው ጥቅሙ ይጠፋል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ጿሚ መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ሳያስተካክል ቢጾም ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

ቡናው በዚህ ሁሉ መካከል ለባለቤቱ ይመሰክራል። በብሪታንያ 494,585 ሰዎችን ለዐሥር ዓመት ያህል የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ቡና ጠጪዎች ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዛቸው ዕድል ከማይጠጡት በ21 በመቶ፣ በበሽታው የመሞታቸው ዕድል ደግሞ በ49 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በቀን ሦስትና አራት ስኒ ላይ ነው። ካፌይኑ በወጣለት ቡና ላይም ስለታየ ሥራው የካፌይን ብቻ አይመስልም። እንዲህ ያለ ክትትል ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ቡና ክብደት መቀነስንም አይተካም። ከበንች እስከ ማጃንግ ከቡና ቅጠል፣ ከሚጥሚጣ፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ተፈልቶ የሚጠጣው ጨሞም ለብቻው ያልተመረመረ በመሆኑ የፍሬውን ማስረጃ ወደ ቅጠሉ ማዞር አይቻልም። በገጠሩ ቡና በጨው ይጠጣል፤ በከተማው ግን ስኳር ገብቷል። አቦል፣ ቶናና በረካ እያንዳንዳቸው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርባቸው 24 ግራም ገደማ ይሆናል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሲፈላ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 50 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከተቻለ ግማሹ ቢሆን ይመርጣል። በላዩ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሲጨመር 30 ግራም ያህል ይመጣል። ጨው ደግሞ የደም ግፊት ላለበት ሰው የራሱ ዕዳ አለው፤ ቡናውን እንዳለ መጠጣት ሁለቱንም ይገላግላል።

እንቅስቃሴ፣ ክብደቱ ባይቀንስ እንኳ የጉበት ስብን ይቀንሳል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል፤ የሚዛን ዳገቶች ባሉበት ከተማ ይህን ለማግኘት ስፖርት ቤት አያስፈልግም፣ ከባጃጁ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ታሪክ አለው፤ መጥፎ ጅማሬም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጀመረው የመጀመሪያው ዓይነት ከትንሹ አንጀት አብዛኛውን ክፍል ምግብ እንዳይደርሰው ያደርግ ነበር። ሰዎቹ ከሱ፤ የአንዳንዶቹ ጉበት ግን በዚሁ ሳቢያ ሥራውን አቆመ፣ ቀዶውም ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ኤድዋርድ ሜሰን ሌላ መንገድ፣ የጨጓራ ባይፓስን ይዘው መጡ። በዛሬው አሠራሩ የጨጓራው ጫፍ 30 ሚሊ ሊትር ያህል በሚይዝ ከረጢት መጠን ተለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገጠማል። ሁለተኛውና ዛሬ በስፋት የሚሠራው ስሊቭ ነው፤ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነው በርዝመቱ ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ መሰል ክፍል ይቀራል። ሁለቱም በላፓራስኮፒ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ይሠራሉ። ሥራቸው ጨጓራን ማጥበብ ብቻ አይደለም፤ የረሃብ ሆርሞን ይቀንሳል፣ ከአንጀት የሚወጣውና ጥጋብን የሚያሰማው ሆርሞን ይጨምራል፣ የስኳር አጠቃቀምም ክብደቱ ገና ብዙ ሳይወርድ መሻሻል ይጀምራል።

በፈረንሳይ ሊል የተከታተሉ ሐኪሞች ከቀዶው አምስት ዓመት በኋላ ባዮፕሲ ከተደረገላቸው ታካሚዎች በ84 በመቶው የጉበት ቁጣው ጠፍቶ፣ በ70 በመቶው ጠባሳው ቀንሶ አገኙ። በጣሊያን ሮም የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ሙከራ ደግሞ 288 ሰዎችን በዕጣ በሦስት ከፈለ። በዓመቱ መጨረሻ ጠባሳው ሳይባባስ ቁጣው የጠፋላቸው ባይፓስ ከተሠራላቸው 56 በመቶ፣ ስሊቭ ከተሠራላቸው 57 በመቶ ሲሆኑ፣ በአኗኗር ለውጥና በመድኃኒት ከታከሙት 16 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ በ1,158 ታካሚዎች ላይ የተደረገ ክትትል በዐሥር ዓመት ውስጥ ከባድ የጉበት ችግር የገጠማቸው በቀዶው ወገን 2.3 በመቶ፣ ያለ ቀዶ በቆዩት 9.6 በመቶ መሆናቸውን አሳየ። በዚያው ጥናት ቀዶ ከተሠራላቸው 0.6 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ በቀዶው ጠንቅ ሞተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ለሚወስን ሰው ግን ከመጀመሪያው መነገር ያለበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ቀዶውን የሚመክረው ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያገናዝበው ቢኤምአይ 35 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ለሆነች ሴት 90 ኪሎ ማለት ነው። ስኳርና መሰል ሕመም ካለ ከ30 ጀምሮ ሊታሰብ ይችላል። ሲሮሲሱ ሆድ ውኃ እስኪቋጥር የደረሰበት ሰው ግን ለዚህ ቀዶ አይታጭም፤ አደጋው ከጥቅሙ ይበልጣል። ከቀዶው በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል ስታርችና ስኳር በእጅጉ የተቀነሰበት ምግብ ይታዘዛል፤ ስብ የያዘው ጉበት ጨጓራውን ጋርዶ ሐኪሙን ስለሚያስቸግር በእነዚህ ቀናት መጠኑ ይቀንሳል።

ከቴፒ ተነሥቶ ወደዚህ ቀዶ መድረስ ገና ረጅም ጉዞ ነው። አማን የሚገኘው የሚዛን-ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል አካባቢውን የሚያገለግል ትልቅ ተቋም ቢሆንም፣ ይህ ዓይነቱ ሥራ ልዩ የላፓራስኮፒ መሣሪያ፣ ጨጓራን የሚሰፋና የሚቆርጥ ስቴፕለር፣ ለወፍራም ሰው ማደንዘዣ የሠለጠነ ባለሙያና ከቀዶው በኋላ የሥነ ምግብ ክትትል አንድ ላይ ይፈልጋል። አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቀዶው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ክትትሉ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ ለቀዶ የሚሄድ ሰው «የት ይሠራልኛል» ከማለቱ እኩል «ከተመለስኩ በኋላ ማን ያየኛል» ብሎ መጠየቅ አለበት። አይረን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሳይቋረጡ ይወሰዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስታወክ ከበዛና ታያሚን ከጎደለ አእምሮና ነርቭ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ይህን ከወባ ወይም ከጨጓራ ሕመም ጋር አምታቶ ማሳለፍ አደገኛ ነው።

ምግቡም ከአገሩ ጋር መታረቅ አለበት። የጠበበ ጨጓራ ያለው ሰው በቀን 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ቆጮ ደግሞ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ትንሿ ከረጢት በቆጮ ከሞላች ለእንቁላሉና ለሽሮው ቦታ አይቀርም፤ ሰውየው እየጠገበ ጡንቻው ይከሳል። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ ፕሮቲኑ፣ ቀጥሎ አትክልቱ፣ መጨረሻ ቆጮው ወይም እንጀራው። ጥሬ ሥጋና ጥብስ በደንብ ካልታኘኩ ይሰነቀራሉ። አልኮል ከባይፓስ በኋላ በፍጥነት ወደ ደም ስለሚገባ አንድ መለኪያ አረቄ የሁለትና የሦስት ያህል ያሰክራል፣ ሱሱም ይበረታል። ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር ይበዛል። ሴቶች ከቀዶው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲያዘገዩ ይመከራሉ፤ ክብደቱ መውረድ ሲጀምር ቀድሞ ተቋርጦ የነበረ የዘር እንቁላል መውጣት ስለሚመለስ የወሊድ መቆጣጠሪያው ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ አለበት።

መድኃኒትም ዘግይቶ ደርሷል። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሬስሜቲሮምን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024፣ ለስኳርና ለውፍረት የሚታወቀውን የሴማግሉታይድ መርፌ ደግሞ በነሐሴ 2025 መካከለኛና ከፍተኛ ጠባሳ ላለበት፣ ገና ሲሮሲስ ላልደረሰ ጉበት ፈቅዷል። ዋጋቸው ከብዙ ኢትዮጵያውያን አቅም በላይ ነው፤ መርፌው ሲቆምም ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል።

በየትኛውም መንገድ የከሳ ሰው ክትትሉ በጠባሳው ደረጃ ይወሰናል። ፊብ-4 ዝቅተኛ የሆነበት፣ ስኳር ካለው በየአንድና ሁለት ዓመቱ፣ ከሌለው በየሦስት ዓመቱ ይደገምለታል። ቀድሞ ሲሮሲስ የነበረበት ሰው ግን ስቡ ቢጠፋ፣ የጉበት ምርመራው ቢስተካከልም የካንሰሩ ሥጋት ፈጽሞ ስለማይለቀው በየስድስት ወሩ የጉበት አልትራሳውንድ ይደረግለታል።